ብራኬት እንዳይወድቅ፦ የላይት ኪዩር አሠራር ደረጃ በደረጃ

ብራኬት (ጥርስ ለማስተካከል ብሬስ ሲታሰር ጥርሱ ላይ የሚለጠፈው ትንሽ የሽቦ መያዣ) በወደቀ ቁጥር ሙጫ መቀየር ልማድ ሆኗል። አንዱ ሙጫ «አይይዝም» ይባላል፣ ሌላ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል፣ እሱም ይወድቃል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሙጫው አይደለም። ወይ ጥርሱ በደንብ አልደረቀም፣ ወይ ሙጫውን የሚያደርቀው የላይት ኪዩር ብርሃን ብራኬቱ ሥር አልደረሰም።

ይህን የጻፍኩት በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያና በአካባቢው ብሬስ ለሚያስሩ የጥርስ ሐኪሞችና ለረዳቶቻቸው ነው። እኛ ጋ ብራኬት መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም። ከወረኢሉ ወይም ከመቅደላ ደሴ ድረስ የሚመጣ ልጅ ለአንዲት ብራኬት ብሎ ከትምህርቱ ይቀራል። ይዞት የሚመጣው ወላጅም ሥራውን ይፈታል፤ የትራንስፖርቱ ወጪ ደግሞ አለ። ስለዚህ መጀመሪያውኑ እንዲይዝ አድርገን እንላከው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። የወደቀች ብራኬት ቤት ውስጥ በሱቅ ሙጫ ለማጣበቅ ማንም እንዳይሞክር።

1. ታካሚው ከመግባቱ በፊት መብራቱን ፈትሹ

ላይት ኪዩር ሰማያዊ ብርሃን ስለሰጠ ብቻ እየሠራ ነው ማለት አይደለም። ዓይናችን ደካማውን ከጠንካራው አይለይም። ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦

ሀ) ባትሪውን ማታ ቻርጅ አድርጉ። ርካሽ የሆኑ አንዳንድ መብራቶች ባትሪያቸው ሲዳከም ጉልበታቸውም አብሮ ይቀንሳል፤ ግን ምንም ምልክት አይሰጡም።

ለ) የመብራቱን ጫፍ አገላብጣችሁ እዩ። የደረቀ ሙጫ ከተለጠፈበት ብርሃኑ እዚያው ይቀራል። ጫፉን ሳትቧጭሩ በፕላስቲክ ነገር አንሱትና በአልኮል ጥረጉት። ጫፉ ከተሰነጠቀ ወይም ከተላጠ ይቀየር።

ሐ) በራዲዮሜትር (በብርሃን ኃይል መለኪያ) ለኩ። በስኩዌር ሴንቲሜትር 1,000 ሚሊዋትና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ሁልጊዜ በዚያው በአንዱ ራዲዮሜትር ለኩ፤ መሣሪያዎቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ቁጥሩን በሳምንት አንዴ ደብተር ላይ ጻፉ። ከአንዱ ቀን ቁጥር ይልቅ የሚጠቅማችሁ እየወረደ መሄዱን ማየቱ ነው።

መ) መብራቱን በፕላስቲክ የምትሸፍኑ ከሆነ ከነሽፋኑ ለኩት። የፕላስቲኩ ስፌት ወይም ሽብሽቡ ጫፉ ላይ እንዳያርፍ።

ራዲዮሜትር ከሌላችሁ የጭረት ሙከራ አድርጉ። 2 ሚሊሜትር ቁመት ያላት የፕላስቲክ ቀለበት መስታወት ላይ አስቀምጡ፣ በሙጫው ሙሏት፣ ከላይ 20 ሰከንድ አብሩባት። ከዚያ ገልብጡና ታቹን በፕላስቲክ ስፓቱላ ጫሩት። እንደ ላዩ ጠንካራ መሆን አለበት። ታቹ ከተፋቀ መብራቱ ወይ ደክሟል ወይ ከሙጫው ጋር አይሄድም።

አይሄድም ያልኩት በምክንያት ነው። አብዛኛው የብራኬት ሙጫ የሚደርቀው ካምፎርኪኖን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። እሱ ብርሃን በደንብ የሚቀበለው የሞገድ ርዝመቱ 470 ናኖሜትር አካባቢ ሲሆን ነው፤ ተራው ኤልኢዲ መብራት ይህንን ይሸፍናል። አንዳንድ ሙጫዎች ግን ወደ 400 ናኖሜትር የተጠጋ ብርሃን የሚፈልግ ሌላ ንጥረ ነገር አላቸው። ለነሱ ሁለት ዓይነት ብርሃን የሚሰጥ መብራት ያስፈልጋል። የሙጫውን ወረቀት አንብቡ፤ አትጣሉት።

*ሰከንዱን አስሉ።* ሙጫው የሚያገኘው ጉልበት የመብራቱ ኃይል በሰከንድ ሲባዛ ነው። 1,000 ሚሊዋት ለ20 ሰከንድ 20 ጁል ይሰጣል። መብራታችሁ ወደ 500 ከወረደ ያንኑ ለማግኘት 40 ሰከንድ ይፈጅባችኋል። «በ3 ሰከንድ ያደርቃል» የሚባለው 3,000 ሚሊዋት መብራትም ቢሆን የሚሰጠው 9 ጁል ነው። ስለዚህ ሰከንዱን ከመብራቱ ማስታወቂያ አትውሰዱ። ሙጫውን የሠራው ፋብሪካ ምን ያህል እንደጠየቀ እዩና ከመብራታችሁ ጋር አገናዝቡ።

2. ሙጫውንና ክፍሉን አዘጋጁ

ደሴ ጠዋት ጠዋት ብርድ ነው። ከፍሪጅ የወጣ ሙጫ ያን ሰዓት ድርቅ ይላል፤ ብራኬቱ ጀርባ ላይ ወዳለው መረብ ውስጥ አይገባም። ከሥራው አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ አውጡት። ክዳኑን ግን አትክፈቱ፤ ቀዝቃዛ ሙጫ ከተከፈተ እርጥበት ይይዛል። ኮምቦልቻና ከሚሴ ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሙጫው ይለሰልስና ብራኬቷ ወደ ድድ ትንሸራተታለች። እዚያ ያላችሁ እስከ ሥራው ሰዓት ጥላ ያለው ቀዝቃዛ ቦታ አቆዩት፤ ቶሎ ቶሎም አብሩ።

የወንበሩ ትልቅ መብራትና በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ሙጫውን ማድረቅ ይጀምራሉ። ብራኬት ስታስቀምጡ የወንበሩን መብራት አጥፉ ወይም ወደ ጎን አዙሩት። ሙጫ የተቀባች ብራኬት ሳትሸፈን ትሪ ላይ አትቆይ። ላይዋ ቆዳ ከያዘ ጥርሱን አትይዝም።

መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቀን ጄኔሬተር ከሌላችሁ ሥራውን አትጀምሩ። ላይት ኪዩሩ በባትሪ ቢሠራም ኮምፕሬሰሩና ምራቅ መሳቢያው አይሠሩም።

3. ጥርሱን አዘጋጁ

ድዱ የሚደማ ከሆነ ዛሬ አትለጥፉ። አጽዱለት፣ አቦራረሹን አሳዩት፣ ድዱ ሲድን ይመለስ። ደም ባለበት ምንም ሙጫ አይይዝም። ከሩቅ የመጣ ሰው ሲሆን መመለሱ ይከብዳል፤ ይገባኛል። ግን ዛሬ ተለጥፎ በሳምንቱ ሲወድቅ ያው ሁለተኛ ጉዞ ነው።

1) ፍሎራይድና ዘይት በሌለው ፑሚስ (የጥርስ ማሻ ዱቄት) እያንዳንዱን ጥርስ አሹ። የጥርስ ሳሙና አትጠቀሙ። በደንብ አጥባችሁ አድርቁ።

2) የከንፈር መወጠሪያውን አስገቡ። ጥጥ ጉንጭ ሥርና ምላስ ሥር አድርጉ፣ ምራቅ መሳቢያውን አስቀምጡ። ልጅ ከሆነ «አብሽር፣ አያምም» በሉትና ቀጥሎ ምን እንደምታደርጉ ንገሩት። የሚፈራ ልጅ ምላሱ አያርፍም፤ ምላሱ ያላረፈ ልጅ ጥርሱ ደግሞ አይደርቅም።

3) 37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ጄል ብራኬቷ የምታርፍበት ቦታ ላይ ብቻ ቀቡ። 30 ሰከንድ ይቆይ። አታሹት። ድድና ከንፈር እንዳይነካ፤ የታካሚው ዓይንም በመነጽር ይሸፈን።

4) መጀመሪያ ጄሉን በመሳቢያው ሳቡት፣ ከዚያ እያንዳንዱን ጥርስ ቢያንስ 15 ሰከንድ በውሃ እጠቡ።

5) ጥጡን ቀይሩ። ምራቅ ጥርሱን ሳይነካ አድርቁት። ጥርሱ እንደ ኖራ ነጭ መሆን አለበት። ነጭ ካልሆነ ወደ ፊት አትሂዱ፤ አሲዱን ድገሙ።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያደጉና ጥርሳቸው በፍሎራይድ የቀላ ወይም የተዥጎረጎረ ታካሚዎች ይመጣሉ። ያ ጥርስ አሲዱን ይቋቋማል፤ 30 ሰከንድ ላይበቃው ይችላል። ጊዜውን ጨምሩ፣ ነጩን እዩ።

*አየሩን ተጠራጠሩ።* ሁሉን አሟልቶ ብራኬት በጅምላ ሲወድቅበት ብዙ ሰው የማይፈትሸው ኮምፕሬሰሩን ነው። አየሩን በደረቅ የአፍ መስታወት ላይ ንፉ። ጠብታ ወይም የዘይት ጭጋግ ከታየ ጥርሱን እያደረቃችሁት ሳይሆን እየቀባችሁት ነው። የታንኩን ውሃ በየቀኑ አፍስሱ፣ ማጣሪያውን በጊዜው ቀይሩ።

*ምራቅ ከነካውስ?* አሲድ የተቀባ ጥርስ ምራቅ ከነካው ማድረቅ ብቻ አይበቃም። እጠቡ፣ አድርቁ፣ አሲዱን ለአጭር ጊዜ መልሳችሁ ቀቡ፣ እንደገና አጥባችሁ አድርቁ። ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ግን መንገድ ያድናል።

4. ፕራይመር

ከሙጫው በፊት የሚቀባውን ይህን ፈሳሽ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ በቀላል አየር አሳሱት። ወፍራም ከሆነ ብራኬቷ ትዋኛለች፤ የምታርፍበትም ቦታ ይዛባል። ለብቻው ይብራበት ወይስ ከሙጫው ጋር የሚለው እንደ ፋብሪካው ይለያያል።

5. ብራኬቷን አስቀምጡ

የብራኬቷን ጀርባ በጣት አትንኩ። ሙጫውን መረቡ ላይ አድርጉና በስፓቱላ ጫን አድርጋችሁ ወደ ውስጥ አስገቡት። ዝም ብሎ ከላይ የተቀመጠ ሙጫ ሥሩ አየር ይይዛል።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ አታዛቡት፦ አስቀምጡ፣ ቁመቷን በመለኪያው አስተካክሉ፣ ከጥርሱ ዘንግ ጋር አቅኑ፣ በመሣሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ አንዴ ተጫኑ፣ ዙሪያውን የወጣውን ትርፍ ሙጫ በፕሮብ (በሹል መመርመሪያ) አንሱ፣ እንደገና ከፊትም ከላይም በመስታወት እዩ። ትርፉን ካነሳችሁ በኋላ ብራኬቷ ተንቀሳቅሳ ከሆነ አስተካክላችሁ እንደገና ተጫኑ።

ትርፍ ሙጫ መብራት ከበራበት በኋላ የሚነሳው በመሰርሰሪያ ብቻ ነው። ከተተወ ደግሞ ቆሻሻ ይሰበስባል፤ ብሬሱ ሲፈታ ጥርሱ ላይ ነጭ ቀለበት የሚታየው ከዚያ ነው።

6. አሁን አብሩ

አብዛኛው ጥፋት የሚፈጠረው እዚህ ነው፤ ስለዚህ አትቸኩሉ።

*ዓይን።* እናንተም፣ ረዳታችሁም፣ ታካሚውም ብርቱካናማ መነጽር አድርጉ። ሰማያዊው ብርሃን የዓይንን ሬቲና ይጎዳል፤ ከጥርስ ላይ ነጥሮ የሚመጣውም ጭምር። መነጽሩ ሌላም ጥቅም አለው። መነጽር የሌለው ሰው ሲያበራ ፊቱን ያዞራል። ፊቱ ሲዞር እጁም ይዞራል፤ ብርሃኑ ድዱ ላይ ያርፋል። እያያችሁ አብሩ።

*ርቀት።* የእጅ ባትሪ ከግድግዳ ስታርቁት ክቡ እየሰፋ እየደበዘዘ እንደሚሄደው፣ ይህም እንደዚያው ነው። የመብራቱን ጫፍ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ድረስ አስጠጉ፤ ብራኬቷን ግን አትንኩ። ጣታችሁን አጠገቡ ያለ ጥርስ ላይ አሳርፉ፤ በአየር ላይ የተንጠለጠለ እጅ 10 ሰከንድ አይጸናም።

*አቅጣጫ።* የብረት ብራኬት ብርሃን አያሳልፍም። ፊት ለፊት ካበራችሁ ሙጫው ጥላ ሥር ነው። ጫፉን አዘንብላችሁ ብራኬቷና ጥርሱ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ አነጣጥሩ። ብርሃኑ ከጠርዙ ይገባል፣ በጥርሱም ውስጥ ተበትኖ ወደ መሐል ይደርሳል።

1) ለብረት ብራኬት፦ ከአንዱ ጎን 10 ሰከንድ፣ ከሌላው ጎን 10 ሰከንድ። ይህ 1,000 ሚሊዋትና ከዚያ በላይ ላለው መብራት ነው። ደካማ ከሆነ ጨምሩ። ጎን ለጎን ያሉት ጥርሶች ከተደራረቡና ጎኑ ካልተገኘ ከላይና ከታች አብሩ።

2) ለሴራሚክ ብራኬት፦ ብርሃን ስለሚያሳልፍ በፊት ለፊት ማብራት ይቻላል።

3) ለመንጋጋ ቲዩብ (መንጋጋ ላይ በብራኬት ፈንታ ለሚለጠፈው የሽቦ ማስገቢያ)፦ ጊዜውን እጥፍ አድርጉት፤ ከየጎኑ 20 ሰከንድ ስጡት። ጉንጭ ስለሚገፋ ጫፉ ሁልጊዜ ይርቃል፣ ይጋደማልም። ታካሚው አፉን ትንሽ ገጠም ሲያደርግ ጉንጩ ይላላና ቦታ ይገኛል። መንጋጋ ላይ የሚለጠፍ ቲዩብ በብዛት የሚወድቀው በዚህና በእርጥበቱ ነው።

*በየተራ።* ብዙ ብራኬት ደርድሮ በመጨረሻ በአንዴ ማብራት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። ግን አንዷን ስታስተካክሉ ሌላዋ ትንሸራተታለች፣ ምራቅም ይደርሳል። አንድ በአንድ ጨርሱ። ለማስያዝ ብቻ 3 ወይም 5 ሰከንድ አብርታችሁ የምታልፉ ከሆነ ረዳታችሁ የጥርሱን ቁጥር ይጻፍ፤ ሙሉውን ያላገኘ ጥርስ በቀላሉ ይረሳል። መብራት በርቶ እያለ ብራኬቷን ማስተካከል ፈጽሞ አይሞከር። መድረቅ የጀመረ ሙጫ ከተነካ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ የያዘ መስሎ ይቆይና ሽቦ ሲታሰርበት ይለቃል።

*ሙቀት።* ኃይለኛ መብራት ጥርሱን ያሞቃል። አንድ ቦታ ላይ አከታትላችሁ አትቆዩ፤ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ከማለፋችሁ በፊት ትንሽ አሳርፉ ወይም አየር ንፉበት። የታች የፊት ጥርሶች ቀጫጭን ስለሆኑ እዚያ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ታካሚው «አቃጠለኝ» ካለ ወዲያው አቁሙ። ከንፈርና ድድም ይቃጠላል።

*መብራት መሐል ላይ ቢሄድ?* ሙጫ ተደርጎባት የተቀመጠችውን ብራኬት በባትሪ በሚሠራው ላይት ኪዩር ጨርሱ። አሲድ ተቀብቶ ብራኬት ያልተቀመጠበትን ጥርስ ተዉት። መብራቱ ሲመለስ አሲዱን ደግማችሁ ከዚያ ጀምሩ።

7. ከማሰናበታችሁ በፊት

ጠርዙን በፕሮብ ንኩ፤ ላዩ በአየሩ ምክንያት ትንሽ ሊጣበቅ ይችላል፣ ከሥሩ ግን ድንጋይ መሆን አለበት። ብራኬቷን በመሣሪያ ቀስ ብላችሁ ግፉ። የምትወድቅ ከሆነ እዚሁ ትውደቅ።

ታካሚው ይንከስ። የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ብራኬት የሚመታ ከሆነ የትኛውም ሙጫ አይችለውም። መንጋጋው ላይ ጥርሶቹ ብራኬቷን እንዳይመቱ የሚያራርቅ የንክሻ ከፍታ አድርጉ፣ ወይም የታችኛውን ለሌላ ጊዜ አቆዩ።

የመጀመሪያውን ሽቦ በዚያው ቀን ማሰር ይቻላል። ግን ቀጭኑን፣ 0.012 ወይም 0.014 ኢንች ኒኬል ታይታኒየሙን እሰሩ። ሙጫው መብራቱ ከጠፋ በኋላም እስከ 24 ሰዓት ድረስ እየጠነከረ ይሄዳል። በጣም የተጣመመ ጥርስ ላይ ሽቦውን እስከ መጨረሻው አታስገድዱት።

8. ከወደቀ፣ ሙጫው የት እንደቀረ እዩ

ብራኬቷን ከመጣላችሁ በፊት ጀርባዋንና ጥርሱን እዩ። መልሱ እዚያ ነው።

*ሙጫው በሙሉ ብራኬቷ ላይ፣ ጥርሱ ንጹሕ፦* ችግሩ ጥርሱ ጋ ነው። ምራቅ፣ ያልበቃ አሲድ፣ ያልታጠበ ጄል ወይም ዘይት ያለው አየር። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

*ሙጫው በሙሉ ጥርሱ ላይ፣ የብራኬቷ መረብ ባዶ፦* ሙጫው መረቡ ውስጥ አልገባም፣ ወይም ብርሃኑ ሥሯ አልደረሰም፣ ወይም ጀርባዋ በእጅ ተነክቷል። ደረጃ 5ንና 6ን ፈትሹ።

*ግማሽ በግማሽ፦* ሙጫው ራሱ ከመሐል ተሰብሯል። አንዴ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነገር ነክሶበት ነው። ከተደጋገመ ግን መብራቱን እንደገና ለኩ፤ የሙጫውንም ቀን እዩ።

*በአንድ ወገን ብቻ የሚወድቅ፦* የእጃችሁ አቀማመጥ ነው። ቀኝ እጅ ለሚጠቀም ሰው አንዱ ወገን ይርቃል። ለዚያ ወገን ወንበራችሁን አዙሩ።

የትኛው ጥርስ፣ በየትኛው ቀን፣ ሙጫው የት እንደቀረ ደብተር ላይ ጻፉ። ጥቂት ወር ሲጠራቀም ችግሩ ያለው መንጋጋ ላይ ይሁን፣ አንዱ ወገን ላይ ይሁን፣ አንዱ መብራት ላይ ይሁን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መልሳችሁ ስትለጥፉ ጥርሱ ላይ የቀረውን ሙጫ በተንግስተን ካርባይድ የመሰርሰሪያ ጫፍ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት አንሱ። አየር እየነፋችሁ እዩ፤ ደረቅ ሲሆን ሙጫና ጥርስ ይለያል። ከዚያ ከፑሚሱ ጀምራችሁ ሁሉንም ድገሙ። ብራኬቷን ከቻላችሁ በአዲስ ቀይሩ። ካልተቻለ ጀርባዋን በ50 ማይክሮን የአሉሚኒየም ኦክሳይድ አሸዋ አጽዱ። በእሳት አታቃጥሏት፤ ብረቱ ይለሰልሳል። የተጣመመች ከሆነ ግን አትድከሙባት።

9. ለታካሚው የሚነገር

«ጠንካራ ነገር አትብላ» ብሎ መሸኘት አይበቃም፤ ስም ጥሩለት። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይቅር፤ ቡና ላይ ሲቀርብም ጭምር። ሸንኮራ በጥርስ አይላጥ። የበቆሎ እሸት ተፈልፍሎ ይበላ። አጥንት አይጋጥ። መፋቂያ የለመደ ሰው ብራኬቱን ይገፋዋልና ለጊዜው ለስላሳ ብሩሽ ይጠቀም። ቤት ያለችው እናት ወይም አያት ምግቡን የምታቀርብ ስለሆነች አብራ ከመጣች ለእሷም ንገሯት።

ከሩቅ ላለው ታካሚ ስልክ ስጡት፤ ብራኬት ሲወድቅ የሚያደርገውንም አስቀድማችሁ አስረዱት። ብራኬቷ ሽቦው ላይ ከተንጠለጠለች አትነቀል። ጉንጭ የምትወጋ ከሆነ የሰጣችሁትን ሰም ያድርግባት። ሙሉ በሙሉ ከወጣች በወረቀት ጠቅልሎ ያምጣት። ከቻለ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ለቀጠሮው ጥቂት ቀን ከቀረና ሽቦው ካልወጋው እስከዚያ ይቆይ። የወደቀው የመንጋጋ ቲዩብ ሆኖ ሽቦው ጉንጭ የሚወጋ ከሆነ ግን ቅርቡ ያለ የጥርስ ክሊኒክ ሄዶ ጫፉን ያስቆርጥ፤ ለመለጠፉ ሲመቸው እናንተ ጋ ይመጣል።